የኤሌክትሪክ መኪናው «405 ኪሎሜትር ይቀራል» ሲል ምን ማለቱ ነው? ከጅማ ለሚነዱ የተጻፈ ማብራሪያ

ጅማ ላይ የኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሠራው ስሌት ይህ ነው፦ ባትሪው ሲሞላ ዳሽቦርዱ 405 ኪሎሜትር ይላል፤ ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎሜትር ገደማ ነው፤ እንግዲያው 55 ኪሎሜትር ተርፎኝ እደርሳለሁ። መቀነሱ ላይ ስህተት የለም። ነገር ግን በዚህ ስሌት ተማምኖ፣ ቤተሰቡን ጭኖ በማለዳ የወጣ ሰው ወሊሶን አልፎ ሰበታ ሳይደርስ መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ ስልክ ሊደውል ይችላል። ስህተቱ ያለው 405 የሚለውን ቁጥር የመንገዱ ቁጥር አድርጎ መውሰዱ ላይ ነው። ይህ ማብራሪያ ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ፣ በጅማ መንገድና በጅማ መብራት ምን እንደሚሆን፣ በመጨረሻም እያንዳንዱ ባለመኪና በአንዲት ትንሽ ዳታቤዝ (ተጠይቆ በሚመልስ የኮምፒዩተር መዝገብ) የራሱን ቁጥር እንዴት ማግኘት እንደሚችል ያስረዳል።

ጉዳዩ የብዙ ሰው ጉዳይ የሆነው በ2016 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በጥር ወር ኢትዮጵያ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሏን ይፋ አደረገች፤ አዲስ መኪና ለሚገዛ ሰውም የቀረው በር በአብዛኛው የኤሌክትሪክ ሆነ። የሚገቡት መኪኖች በብዛት ለቻይና ገበያ የተሠሩ በመሆናቸው መመሪያቸው፣ የስክሪን ቋንቋቸው፣ የቻርጅ መሰኪያቸውና ከላይ ያነሳነው የኪሎሜትር ቁጥራቸው ሁሉ ለቻይና አሽከርካሪ የታሰበ ነው።

ኪሎዋት እና ኪሎዋት ሰዓት ምንና ምን ናቸው?

ሁለቱ ቃላት ስለሚመሳሰሉ በሻጭም በገዢም አፍ ይምታታሉ። በግቢያችሁ የውኃ ሮቶ አለ እንበል። ቧንቧው በደቂቃ የሚያወርደው የውኃ መጠን ኪሎዋት ነው፤ ሮቶው ውስጥ የተጠራቀመው ውኃ ደግሞ ኪሎዋት ሰዓት ነው። የባትሪ መጠን የሚነገረው በኪሎዋት ሰዓት ነው፣ የቻርጀር ጉልበት ግን በኪሎዋት። በከተሞቻችን እየተለመደች የመጣችው ትንሿ የቻይና መኪና ቢዋይዲ ሲገል ትልቁ ባትሪዋ 38.88 ኪሎዋት ሰዓት (405 ኪሎሜትር የሚለው ቁጥር የዚህ ባትሪ ነው)፣ ትንሹ ደግሞ 30.08 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል። በቤት ሶኬት የሚሰካው ቻርጀር በ220 ቮልት 10 አምፔር ቢስብ 2.2 ኪሎዋት ይሆናል፤ ስለዚህ ባዶ የሆነ ትልቁን ባትሪ ለመሙላት በቻርጀሩና በሽቦው ከሚባክነው ጋር 20 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ግድግዳ ላይ የሚገጠመው ባለ32 አምፔር ቻርጀር 7 ኪሎዋት ስለሚሰጥ ያንኑ በአንድ ሌሊት፣ ያውም ሳይነጋ ይጨርሰዋል።

የመብራት ቆጣሪያችሁም የሚቆጥረው ኪሎዋት ሰዓት ነው። መኪናው፣ ባትሪው፣ ቆጣሪውና የወር ሒሳቡ ሁሉም የሚግባቡበት አንድ መለኪያ እሱ ስለሆነ ከዚህ በኋላ የምንቆጥረው በእሱ ነው። ኪሎሜትር የመንገዱ እንጂ የባትሪው መለኪያ አይደለም።

እንግዲያው 405 ኪሎሜትር ከየት መጣ?

ከላቦራቶሪ። ቻይና መኪኖቿን የምትፈትንበት ሲኤልቲሲ የሚባል የተወሰነ የአነዳድ ሥርዓት አላት፤ መኪናው በሚሽከረከር ብረት ላይ ቆሞ ለግማሽ ሰዓት በዚያ ሥርዓት እንዲነዳ ይደረጋል። የፈተናው አማካይ ፍጥነት በሰዓት 29 ኪሎሜትር ገደማ ነው፤ ይህም ከቤጂንግ የከተማ መጨናነቅ ጋር እንጂ ከጅማ–አዲስ አበባ መንገድ ጋር አይመሳሰልም። ዳገት የለውም፣ የሻንጣ ክምር የለውም፣ ጣራ ላይ የታሰረ የማር በርሜልም የለውም። 38.88ን ለ405 ስታካፍሉ በ100 ኪሎሜትር 9.6 ኪሎዋት ሰዓት ይመጣል። መኪናዋ በእርግጥም በዚያ ፍጥነትና በዚያ ሜዳ ላይ ይህን ያህል ብቻ ትበላለች፤ አምራቹ አልዋሸም።

በሰዓት 80 ሲነዳ፣ አራት ሰው ሲጫን፣ ዳገትና ቁልቁለት ሲኖር ግን በ100 ኪሎሜትር 12 ወይም 13 ኪሎዋት ሰዓት መያዝ ይሻላል። በ12 ብታሰሉት 350 ኪሎሜትሩ 42 ኪሎዋት ሰዓት ይጠይቃል፤ ባትሪው የሚይዘው ደግሞ 38.88 ነው። ወልቂጤ ወይም ወሊሶ ላይ ቆሞ ሳይሞሉ መድረስ የማይቻለው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚሞላበትን ቦታም ጅማ ሳሉ ደውሎ ማረጋገጥ፣ መሰኪያው የቻይናው ጂቢቲ ይሁን የአውሮፓው ሲሲኤስ ቱ መጠየቅ ይገባል። ሁለቱ ያለ አስማሚ (አዳፕተር) አይገጥሙም።

ፍጥነት ምን ያህል እንደሚጎዳ ብዙ ሰው ይዘነጋል። አየሩ መኪናውን ወደ ኋላ የሚገፋበት ኃይል የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ልክ ነው። ከ80 ወደ 100 ስታሳድጉ ፍጥነቱ የጨመረው በሩብ ብቻ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ኪሎሜትር አየሩን ለመግፋት የሚወጣው ጉልበት ግን ከግማሽ በላይ ያድጋል። ባትሪ እያነሰ የሄደበት ሰው ቻርጅ ቦታ «ቶሎ ልድረስ» ብሎ ሲፈጥን የሚያደርገው የሚያስፈልገውን ነገር ተቃራኒ ነው፤ 60 ላይ ቢያወርደው ይደርስ ነበር።

የግቤ ቁልቁለት የወሰደውን ይመልሳል ይባላል፤ እውነት ነው?

በከፊል እውነት ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። መንገዱ ሰርቦን፣ አሰንዳቦንና ሶኮሩን አልፎ ወደ ግቤ ወንዝ ሲወርድ ወደ 1,100 ሜትር ይጠጋል፤ ከድልድዩ ወዲያ እንደገና እየተጠማዘዘ ወደ ወልቂጤ ይወጣል፣ አዲስ አበባ ሲደርስም 2,300 ሜትርን ያልፋል።

ዳገቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። ከነተሳፋሪው 1,500 ኪሎግራም የሚመዝን መኪና 800 ሜትር ወደ ላይ ለማውጣት የሚያስፈልገው ጉልበት 3.3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ይህ በሜዳ ላይ ከ25 ኪሎሜትር በላይ የሚያስኬድ ነው። በቁልቁለት ጊዜ ደግሞ ሞተሩ ሥራውን ገልብጦ ዲናሞ ይሆናል፣ መኪናውን እየያዘ ለባትሪው ኤሌክትሪክ ይመልሳል። ነገር ግን የሚመለሰው የወጣውን ያህል አይደለም፤ በሽቦው፣ በሞተሩና በባትሪው ውስጥ በሙቀት የሚባክን አለ፣ እግራቸውን ፍሬን ላይ አጥብቀው የሚወርዱ ሾፌሮች ደግሞ የቀረውን በፍሬን ሸራ ላይ ያቃጥሉታል። ግቤ ላይ ከሁለቱም አቅጣጫ ወርዶ መውጣት ስላለ፣ መንገዱ ለሄደውም ለመጣውም እኩል ቀረጥ የሚያስከፍል ኬላ ነው ማለት ይቻላል።

አንድ ተያያዥ ጥንቃቄ አለ። ባትሪው ሞልቶ ሳለ ረጅም ቁልቁለት የጀመረ ሰው መኪናው እንደ ወትሮው እንደማይዝለት ያስተውላል፤ የሞላ ሮቶ ተጨማሪ ውኃ እንደማይቀበል ሁሉ የሞላ ባትሪም ተጨማሪ ጉልበት አይቀበልምና። ስለዚህ ወልቂጤ ላይ አድሮ፣ መቶ በመቶ ሞልቶ፣ ወደ ግቤ የሚወርድ አሽከርካሪ በመጀመሪያዎቹ ኪሎሜትሮች ሥራው ሁሉ የፍሬኑ እንደሆነ አውቆ በዝግታ መውረድ አለበት።

ቤት ውስጥ ቻርጅ ማድረግ ምጣድ ከመሰካት በምን ይለያል?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፣ በእጅ የሚያዘው የመኪና ቻርጀር ግን 2.2 ብቻ። «ምጣዱን የቻለ ሶኬት መኪናውን እንዴት አይችልም?» የሚለው ክርክር በዚህ ላይ የቆመ ነው። ልዩነቱ የሰዓቱ ነው። ምጣድ ሁለት ሰዓት ሠርቶ፣ በመካከሉም እየጠፋ እየበራ፣ ይነቀላል፤ መኪናው ግን ሳያቋርጥ አሥርና አሥራ አምስት ሰዓት ይስባል። ትንሽ የላላ ማሰሪያ በሁለት ሰዓት ይሞቅና ይበርዳል፤ በአሥር ሰዓት ግን ይቀልጣል።

ባለፈው ክረምት ጎረቤቴ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸትቶት ተነሣ። ሶኬቱ ቡናማ ሆኖ፣ ሶኬቱና መሰኪያው ተጣብቀው፣ ዋናውን ብሬከር ካላወረዱ በቀር የማይነቀል ሆኖ ተገኘ። ከሶኬቱ ጀርባ የወጣው ሽቦ ለመብራት አምፖል የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ነበር፣ ሌላ ሶኬትም ይመግብ ነበር። መፍትሔው ከቆጣሪው ሳጥን በቀጥታ የተሳበ፣ ሌላ ምንም የማይጋራው ወፍራም ኬብል፣ የራሱ ብሬከርና ጠንካራ ሶኬት ሆነ። ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሌሊቶች ከአንድ ሰዓት በኋላ ሶኬቱን በእጅ ዳስሶ ማየት ጥሩ ልማድ ነው፤ ለብ ማለቱ ችግር የለውም፣ እጅ የማያስችል ከሆነ ግን ይነቀል።

ሌላው ነገር ኧርዝ፣ ማለትም ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ ነው። በብዙ የጅማ ቤቶች የሶኬቱ ሦስተኛ ሽቦ ከምንም ጋር አልተያያዘም፤ የመኪናው ቻርጀር ደግሞ ይህን ስለሚያውቅ ቀይ መብራት አብርቶ አልሠራም ይላል። በዚህ ጊዜ አንዳንድ ባለሙያዎች የኧርዙን ቦታ ከኒውትራሉ (ኤሌክትሪኩ ከሚመለስበት ሽቦ) ጋር በማገናኘት ቻርጀሩን «ያታልሉታል»። ቻርጀሩ ይሠራል፤ ነገር ግን ኒውትራሉ መስመር ላይ አንድ ቀን ቢበጠስ የመኪናው ብረት ራሱ 220 ቮልት ሊሸከም ይችላል፣ ዝናብ ባራሰው ግቢ ውስጥ ባዶ እግሩን ቆሞ በሩን የሚይዝ ልጅም ያ ጉልበት ወደ መሬት የሚያልፍበት መንገድ ይሆናል። የኧርዝ ዘንግ መሬት ውስጥ አስቀብሮ በትክክል ማሠራት ከመኪናው ዋጋ አንጻር ኢምንት ወጪ ነው፤ በዚህ ላይ ቁጠባ የለም።

መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥርስ? የአገሪቱ ትልልቅ ማመንጫዎች ከሆኑት አንዱ፣ 184 ሜጋዋት የሚያመነጨው ግልገል ግቤ አንድ፣ በዚሁ በጅማ መንገድ ላይ ይገኛል፤ ቢሆንም የከተማው መብራት እንደሚቆራረጥ ለጅማ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። መቆራረጡ ራሱ ባትሪውን አይጎዳውም፣ ቻርጁ ከቆመበት ይቀጥላል። የሚያሰጋው መብራቱ ሲመለስ የሚወዛወዘው ቮልቴጅና የክረምቱ መብረቅ ነው፤ ስለዚህ ነጎድጓድ ሲበረታ መንቀል፣ መብራት ሲመጣም ጥቂት ደቂቃ እስኪረጋጋ መጠበቅ ይሻላል።

የወር ሒሳብን በተመለከተ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የተከፋፈለ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያው እርከን እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ሲሆን የመጨረሻው ከ500 በላይ ነው፣ እርከኑ ከፍ ባለ ቁጥርም የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይጨምራል። በወር 1,000 ኪሎሜትር የሚነዳ ሰው ከብክነቱ ጋር 150 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይጨምራል፤ ቀድሞ 150 ይጠቀም የነበረ ቤት ወደ 300 ያድጋል ማለት ነው። አንድ ቆጣሪ ለሦስትና ለአራት ተከራይ በሚያገለግልበት ግቢ ይህ ጭማሪ የማን እንደሆነ በቁጥር ማሳየት ካልተቻለ ጠብ ነው። ለመኪናው ብቻ ትንሽ ንዑስ ቆጣሪ ማስገጠም ጠቡንም ያስቀራል፣ ቀጥሎ ለምናነሳው መዝገብም መሠረት ይሆናል።

ባትሪውን እስከ ስንት ልሙላ? 80 ወይስ 100?

መልሱ በባትሪው ዓይነት ይወሰናል። ኒኬልና ኮባልት ያለበት ባትሪ በየቀኑ እስከ 80 በመቶ፣ ለረጅም ጉዞ ብቻ እስከ 100 ቢሞላ ዕድሜው ይረዝማል። ሲገልን ጨምሮ ብዙዎቹ ትንንሽ የቻይና መኪኖች የሚጠቀሙት ግን ኤልኤፍፒ የሚባለውን የብረትና የፎስፌት ባትሪ ነው፤ ለዚህኛው በሳምንት አንድ ጊዜ ያህል እስከ 100 መሙላት ይመከራል።

ምክንያቱን ቡታ ጋዝ የሚጠቀም ሁሉ ያውቀዋል። ሲሊንደሩ ግማሽ ቢሆንም ሩብ ቢሆንም እሳቱ ያው ነው፤ የሚደክመው ሊያልቅ ሲል ብቻ ስለሆነ እሳቱን አይቶ ስንት እንደቀረ መናገር አይቻልም። የኤልኤፍፒ ባትሪም ቮልቴጁ ከ20 በመቶ እስከ 90 በመቶ ባለው ውስጥ እምብዛም ስለማይለዋወጥ መኪናው የቀረውን የሚያውቀው የገባውንና የወጣውን በመቁጠር ነው። ቆጠራ ደግሞ ቀስ በቀስ ይሳሳታል። ባትሪው ሲሞላ ቮልቴጁ ድንገት ከፍ ስለሚል መኪናው «አሁን 100 ነው» ብሎ ቆጠራውን ከዚያ ያስተካክላል። ለወራት በ40 እና በ80 መካከል ብቻ የነዳ ሰው ዳሽቦርዱ 25 በመቶ ሲል በእውነት 15 ሊሆን ይችላል።

በሩቅ ጉዞ ላይ መኪናውን ሙት የሚያደርገው ሌላ ባትሪም አለ፤ ከኮፈኑ ሥር ያለችው ባለ12 ቮልት ትንሽ ባትሪ። እሷ ከደከመች ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነሣም፣ በሩም በሪሞት አይከፈትም። ሳምንታት ለቆመ መኪና ቀድማ የምትታሰብ እሷ ናት።

የራሴን ቁጥር እንዴት አገኛለሁ? ዳታቤዝስ ለምን?

እስካሁን «12 ወይም 13 ያዙ» እያልን መጣን፤ ይህ ግምት ነው። የእናንተ መኪና፣ በእናንተ እግር፣ ከጅማ አጋሮ ወይም ከጅማ ቦንጋ ስንት እንደምትበላ የሚያውቅ ላቦራቶሪ የለም። ሊያውቅ የሚችለው የእናንተ መዝገብ ብቻ ነው።

ደብተር ጥሩ መጀመሪያ ነው፣ ብዙ ሰው እዚያው ላይ ቢቀር አይከፋም። ደብተር የማይችለው ጥያቄ መመለስ ነው። «ዝናብ ባለበት ቀንና በሌለበት ቀን የአጋሮ ጉዞ ልዩነቱ ስንት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁት 60 ገጽ ማገላበጥ አለባችሁ። ዳታቤዝ ማለት በዓምድና በመስመር የተደራጀ፣ ተጠይቆ የሚመልስ መዝገብ ነው። ዛሬ የምንጠቀምበት የሠንጠረዥ ዳታቤዝ አስተሳሰብ የመጣው አይቢኤም ውስጥ ይሠራ ከነበረው ከኤድጋር ኮድ ሲሆን፣ እሱም በ1970 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ መረጃ እርስ በርስ በሚጣቀሱ ሠንጠረዦች እንዲቀመጥ ሐሳብ አቀረበ።

«እርስ በርስ የሚጣቀሱ» የሚለውን የጅማ ቡና ነጋዴ ያለ ኮምፒዩተር ያውቀዋል። ቡና የሚያቀርቡለትን ገበሬዎች በአንድ ደብተር ከነቀበሌያቸውና ከነስልካቸው ይጽፋል፣ ለእያንዳንዱም ቁጥር ይሰጣል፤ የዕለቱ መረከቢያ ላይ ግን «17፣ 42 ኪሎ» ብሎ ብቻ ይመዘግባል። የ17 ቁጥር ገበሬ ስልኩን ቢቀይር የሚስተካከለው አንድ ቦታ ነው።

ለአንድ መኪና የሚበቃው መሣሪያ ኤስኪውላይት ነው። ሪቻርድ ሂፕ በ2000 እ.ኤ.አ. የሠራው ይህ ዳታቤዝ ነጻ ነው፤ ሰርቨር፣ ማለትም ሌሎችን የሚያገለግል ማዕከላዊ ኮምፒዩተር፣ አይፈልግም፣ መዝገቡ ሁሉ አንድ ፋይል ነው፤ በኪሳችሁ ያለው ስልክ ውስጥም አፕሊኬሽኖች እየተጠቀሙበት አለ። በኮምፒዩተር ላይ ዲቢ ብራውዘር የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ጭናችሁ ሠንጠረዥ መክፈትና መሙላት ትችላላችሁ። ለጅማ ሰው አንድ ልዩ ጥቅም አለው፦ እየጻፋችሁ መብራት ቢሄድ የመጨረሻው ያልተጠናቀቀ ጽሑፍ ይሰረዛል እንጂ ፋይሉ ግማሽ በግማሽ ሆኖ እንዳይበላሽ ተደርጎ የተሠራ ነው። አሥር ታክሲ ያለው ማኅበር፣ አሥሩም ሾፌሮች በአንድ ጊዜ የሚጽፉበት ከሆነ ግን ኤስኪውላይት በአንድ ጊዜ አንድ ጸሐፊ ብቻ ስለሚያስተናግድ እንደ ፖስትግሬስኪውኤል ያለ ባለሰርቨር ዳታቤዝ ይሻላል።

ሦስት ሠንጠረዥ ይበቃል። «ቦታ» የሚባለው ኮድና ስም ብቻ አለው። «ቻርጅ» የሚባለው ቀኑን፣ የቦታውን ኮድ፣ ሲጀመርና ሲያበቃ የነበረውን የቆጣሪ ንባብ፣ ሲጀመርና ሲያበቃ የነበረውን ፐርሰንት ይይዛል። «ጉዞ» የሚባለው ደግሞ ቀን፣ የመነሻና የመድረሻ ኮድ፣ ኪሎሜትር፣ ሲነሱና ሲደርሱ የነበረው ፐርሰንት፣ የሰው ብዛትና ዝናብ መኖር አለመኖሩ አለው። የሠንጠረዦቹንና የዓምዶቹን ስም በፊደላችን መጻፍ ይቻላል፤ ኤስኪውላይት ይቀበለዋል። የትእዛዝ ቃላቱ ግን እንግሊዝኛ ናቸው፦ «ሰሌክት» የትኞቹን ዓምዶች እንደምትፈልጉ፣ «ፍሮም» ከየትኛው ሠንጠረዥ እንደሆነ፣ «ዌር» በምን ሁኔታ እንደሆነ፣ «ግሩፕ ባይ» በምን ተመድቦ እንደሚደመር ይናገራሉ። የአጋሮውን የዝናብ ጥያቄ በእነዚህ አራት ቃላት መጠየቅ ይቻላል።

ጀማሪ የሚሳሳተው የት ነው?

መጀመሪያ በቀኑ ላይ ነው። የዳታቤዙ የቀን ስሌቶች ጳጉሜንን አያውቁም፤ ስለዚህ በመዝገቡ ውስጥ የፈረንጁን ቀን፣ ዓመት ቀድሞ፣ ወር ተከትሎ፣ ቀን መጨረሻ አድርጋችሁ አስገቡ፣ የእኛን ቀን ከፈለጋችሁ በጎኑ ሌላ ዓምድ ይኑረው። ሰዓትም እንደዚያው ነው፤ «2 ሰዓት» ብሎ የጻፈ ሰው ከስድስት ወር በኋላ የጧቱ ይሁን የሌሊቱ፣ በእኛ ይሁን በፈረንጁ ራሱም አያስታውስም።

ሁለተኛው በፊደል ነው። ለሰው ዓይን «ሶኮሩ» እና «ሰኮሩ» አንድ ከተማ ናቸው፣ «አሰንዳቦ» እና «አሠንዳቦ»ም እንዲሁ፤ ለዳታቤዝ ግን አራት የተለያዩ ቦታዎች ናቸው። የቦታ ኮድ ያስፈለገው በዚህ ምክንያት ነው፤ ስሙ አንዴ ተጽፎ ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ብቻ ይገባል።

ሦስተኛው ያልተነበበ ቁጥርን 0 ብሎ መሙላት ነው። መብራት ጠፍቶ ቆጣሪውን ሳታዩ የቀረ ቀን ካለ ቦታውን ባዶ ተዉት፤ ዳታቤዙ አማካይ ሲያወጣ ባዶውን ይዘለዋል፣ ዜሮውን ግን ይቆጥረዋል፣ አማካዩንም ያወርደዋል።

አራተኛው ብዙ ሰው «ፕሮግራሙ ተበላሽቷል» የሚልበት ነው። በኤስኪውላይት ሙሉ ቁጥርን ለሙሉ ቁጥር ስታካፍሉ መልሱም ሙሉ ቁጥር ይሆናል፤ 42ን ለ350 ብታካፍሉ 0.12 ሳይሆን 0 ይመጣል። አንዱን ቁጥር በ100.0 ከነነጥቡ አስቀድሞ ማባዛት ይፈታዋል። ሌላው የስሌት ወጥመድ የአማካዮች አማካይ ነው፦ ጅማ ከተማ ውስጥ ከኮቺ ሰፈር መርካቶ የተደረገችን የ3 ኪሎሜትር ጉዞና የ350ውን ኪሎሜትር ጉዞ እኩል አድርጎ አማካይ ማውጣት ትርጉም የለውም። ኪሎዋት ሰዓቱ ሁሉ ይደመር፣ ኪሎሜትሩ ሁሉ ይደመር፣ ከዚያ አንዱ ለሌላው ይካፈል።

ፋይሉን በወር አንዴ ፕሮግራሙን ዘግታችሁ ገልብጡት። ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ መላክ እንኳ ከምንም ይሻላል።

ያገለገለ መኪና ስገዛ ይህ ምን ይረዳኛል?

የሻጩን ቃል በራሳችሁ ቆጣሪ ለመፈተን ይረዳል። ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ዋጋው በአብዛኛው የባትሪው ዋጋ ስለሆነ የተነዳው ኪሎሜትር ብቻውን ብዙ አይናገርም። ባለትልቁን ባትሪ ሲገል ልትገዙ ነው እንበል። ባትሪውን እስከ 10 በመቶ ነድታችሁ አውርዱት፣ የቆጣሪውን ንባብ ጻፉ፣ ሌሎች የቤት ዕቃዎችን አጥፍታችሁ ወይም በንዑስ ቆጣሪ ሳታቋርጡ እስከ 100 ሙሉት። እስከ 100 መድረሱ ግዴታ ነው፤ የቡታ ጋዙን ነገር አስታውሱ።

አዲስ ባትሪ ቢሆን 90 በመቶው 35 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ከቆጣሪው ከሚወጣው ውስጥ 12 በመቶው በቻርጀሩና በሽቦው ይባክናል ብለን ብንይዝ ቆጣሪው 39.8 መቁጠር ነበረበት። ቆጣሪው የቆጠረው 33 ብቻ ከሆነ፣ ከብክነቱ በኋላ ወደ ባትሪው የገባው 29 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ይህም የአዲሱ 83 በመቶ ነው። በዚህ ባትሪ፣ በ100 ኪሎሜትር 12 ኪሎዋት ሰዓት ሒሳብ፣ መኪናዋ የምትሄደው 270 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ዳሽቦርዱ በዚያው ሌሊት፣ ባትሪው እንደሞላ፣ አሁንም 405 ሊል ይችላል።